ለሁለት የተከፈለው ክኒን

ልጅ እያለሁ፣ ከወረታ ወዲያ ያለው የፎገራ ሜዳ በክረምት ባሕር ይመስል ነበር። በመስከረም ውኃው ሲሸሽ ጭቃው ይሸታል፤ ትንኙ ይፈላል፤ ንዳድም ቤት ለቤት ይዞራል። እኔ ዳዊት በምደግምበት ዓመት ንዳዱ ታናሽ እኅቴን ጥሩወርቅን ያዛት። ገላዋ እንደ ፍም ይፋጃል፤ ወዲያው ደግሞ ጋቢ ተደርቦላት ጥርሷ ይንቀጫቀጫል።

እናቴ ጸበል አስጠመቀቻት፤ ጤና ጣቢያም ወስዳት በወረቀት የተጠቀለለ ክኒን ይዛ ተመለሰች። በዚያው ሰሞን አጥር የምትጋራን የባለሱቋ የከድጃ ልጅ ሰይድም ተንቀጠቀጠ። እናቴ ያደገችው «ብቻውን የበላ ብቻውን ይሞታል» በሚባልበት ቤት ነው። የጎረቤት ልጅ እየነደደ የራሷን ብቻ ማዳን ነውር መሰላት፤ ክኒኑን ለሁለት ከፍላ ግማሹን ለከድጃ በአጥሩ ላይ አቀበለቻት። ልጆቹን ላብ አላባቸው፤ ትኩሳቱም በረደ። ሁለቱ እናቶች በየሃይማኖታቸው ምስጋና አቀረቡ።

ብዙም ሳይቆይ ሁለቱም ልጆች እንደገና ወደቁ። ጥሩወርቅማ በስሟ ስንጠራት አትመልስም ነበር። አባቴ መሪጌታ ነጠላውን አጣፍቶ ለጸሎት ከራስጌዋ ቆመ።

የጤና ጣቢያዋ ነርስ፣ ሲስተር አልማዝ፣ ቤታችን ድረስ መጣች። መርፌ ወጋቻት፤ ግንባሯን በእርጥብ ጨርቅ አበሰች። ከዚያም ክኒኑ እንዴት እንደተዋጠ ጠየቀች። እናቴ ሳትደብቅ ነገረቻት። እኛ ቁጣ ስንጠብቅ፣ ሲስተር መደቡ ላይ ከጎኗ ተቀመጠች።

«እትዬ፣ የርብ ወንዝ ሞልቶ ሲመጣ ማሳውን በምን ይከልሉታል?»

«በአፈር ክትር ነዋ።»

«ለአንድ ማሳ ብቻ የሚበቃውን ክትር ሁለት ሰዎች ግማሽ ግማሹን ቢካፈሉትስ?»

እናቴ ዞራ ጥሩወርቅን አየቻት። «ሁለቱንም ይወስድባቸዋል» አለች። «ልጄን በእጄ ገደልኳት በይኛ!»

«አልገደሏትም። ደግነትዎም ጥፋት የለበትም፤ አጥርተን ያልነገርንዎ እኛ ነን። አሁንም ይካፈሉ፤ ክኒኑን ሳይሆን ጥበቃውን።»

ለሁለቱም ልጆች የየራሳቸውን ሙሉ መድኃኒት ሰጠች። ምግብ ቀምሰው እንዲውጡ፣ ትኩሳቱ ቢበርድም እስኪያልቅ እንዳያቋርጡ፣ ካስመለሳቸው ወዲያው እንዲነገራት አስረዳች። ከዚያም እናቴ ሰይድን፣ ከድጃ ጥሩወርቅን እንዲያስውጡ አዘዘች። «እናት የገዛ ልጇን ልቅሶ አትችልም» አለች፤ «በጎረቤት ልጅ ግን ትጨክናለች።»

ከድጃም ጧት ጧት ከደጃፍ ትጮህ ጀመር፦ «የመሪጌታ ልጅ፣ ክፈቺው አፍሽን! ምላስሽን አንሺ! ትናንት እንደ ሽንብራ ጉንጭሽ ውስጥ ሸጉጠሽው የለም?» ጥሩወርቅ መጀመሪያ ለማኩረፍ እንኳ አቅም አልነበራት። መድኃኒቱ ሊያልቅ ሲል ግን ፊቷን አጨማድዳ፣ «እስቲ እርስዎ ይዋጡት!» አለቻት። ከድጃ ከትከት ብላ ሳቀች፤ ወዲያውም ሻሿን ዓይኗ ላይ ጭና አለቀሰች። በአጥሩ ወዲያ ደግሞ እናቴ ሰይድን ስትቆጣው ይሰማ ነበር።

ዛሬ፣ እግዚአብሔር ይመስገን፣ ወረታ ውስጥ መድኃኒት ቤት ሞልቷል፤ ልጆችም በንዳድ እንደዚያ አይረግፉም። እኔም የደም ግፊት ክኒን የምውጥ ሽማግሌ ሆኛለሁ። የልጅ ልጄ ሰዓቱን ስልኬ ላይ ሞልታልኛለች፤ ይጮኻል፤ አጠፋዋለሁ። አንዳንድ ጧት ሳልውጠው ብውል የሚያውቅብኝ፣ እንደ ከድጃም «ምላስህን አንሣ!» የሚለኝ የለም።