አራት ዓመት የቆየ ጥያቄ

እህቴ እስከ ዘጠኝ ዓመቷ ትምህርት ቤት ረግጣ አታውቅም ነበር። ከተወለደች ጀምሮ ጆሮዋ አይሰማም። መንደራችን ሮብ ገበያ ከምትባለው ከተማ ከፍ ብሎ ነው፤ ወላጆቼ ያልወሰዷት ጠበል የለም። ቤት ውስጥ የምንግባባው በጥቆማ ነበር፦ ብይ፣ ነይ፣ ውሃ ቅጂ። ከዚያ ያለፈውን እኛም አንነግራት፣ እሷም አትነግረን።

እኔ በዚያን ጊዜ ደብረ ማርቆስ መምህርነት እማራለሁ። ለልምምድ የተመደብኩበት የመንግሥት ትምህርት ቤት ግቢ ጥግ ላይ መስማት ለተሳናቸው ልጆች የተለየ ክፍል ነበረው። አንድ ቀን በበሩ ሳልፍ ልጆቹ በእጃቸው እያወሩ ሲሳሳቁ አየሁ። መምህሩ አንዷን ወሬ አብዝታ ኖሮ በእጁ ይቆጣታል። በሩ ላይ ቆሜ አየኋቸው። መምህሩ ራሱም አይሰማም፤ ወጣና በወረቀት «ማንን ፈልገሽ ነው?» ብሎ ጻፈልኝ።

«እንደነሱ ያለች እህት አለችኝ» ብዬ ጻፍኩ።

«አምጪያት» ብሎ ጻፈልኝ።

ቤት ሄጄ ስነግራቸው አባቴ ግን ፈራ። «የመኪና ጥሩምባ የማትሰማ ልጅ ከተማ ውስጥ ምን ትሆናለች?» አለ።

እናቴ ጎመን እየቀነጠሰች ነበር፤ ቀና ሳትል «እኛ ስንሞትስ ምን ትሆናለች? ትሂድ» አለችው።

የቀበሌውን ደብዳቤና እንደማትሰማ የሚገልጽ የሆስፒታል ማስረጃ ይዤ ወደ ወረዳው ትምህርት ጽሕፈት ቤት ሄድኩ። ያስተናገደችኝ ጎልማሳ ሴት ወረቀቶቹን አንድ በአንድ አየቻቸው።

«ከገጠር ለሚመጡ አካል ጉዳተኛ ተማሪዎች የቤት ኪራይና የቀለብ ድጋፍ አለ» አለችኝ። «የዘንድሮው ግን ተደልድሎ አልቋል፣ ልጄ። ለከርሞ ስሟን ልመዝግብልሽ።»

«እስከዚያ መማርም አትችልም?»

«መማሩንማ ማን ይከለክላታል? የምትበላውና የምታድርበት ነው እንጂ ጭንቁ።»

ስለዚህ እህቴን ደብረ ማርቆስ አምጥቼ ትምህርት አስጀመርኳትና ያን ዓመት በኔው ጠባብ የኪራይ ክፍል፣ በአንድ አልጋ አደርን። ሰኔ ላይ እንደገና ሄድኩ፤ ነሐሴም ሄድኩ። ሴትዮዋ ከሩቅ ስታየኝ «አልረሳሁሽም» ትለኝ ጀመር። ድጋፉ ዘግይቶ፣ ትምህርት ከተከፈተ በኋላ መጣ፤ መጣ ግን። ሰፋ ያለ ክፍል ተከራየን፣ እህቴም የራሷ ደብተሮች ኖሯት። ትምህርት ቤቱ ቅዳሜ ቅዳሜ ለቤተሰብ የምልክት ቋንቋ ያስተምር ስለነበር እኔም ገባሁ። ጣቶቼ እንደሷ አይታዘዙልኝም፤ ስሳሳት ትስቅብኝና እጄን ይዛ ታስተካክለኛለች።

በሁለተኛው ዓመት፣ ለፋሲካ አገር ቤት ገባን። ከምሳ በኋላ ደጅ ላይ ተቀምጠን ሳለ እህቴ አባታችን ፊት ቆመች። በእጇ ከአገጯ ሥር ረጅም ጺም ሠራች፣ ከዚያ የሚሄድ ሰው፣ ከዚያ «የት?» አለች።

አባቴ ወደ እኔ ዞረ። «ምን ትላለች?»

«አያቴ የት ሄደ? ነው የምትለው።»

እሷ አልጨረሰችም። አያታችን በሄደበት ሳምንት የሚጠጣበትን ዋንጫ እንደሰበረች፣ እሱም እንደተቆጣት ነገረችኝ። ከዚያ ጎረቤት ወስደው አሳደሯት፤ ስትመለስ እሱ የለም። በኔ ተቀይሞ ነው ወይ ከቤት የወጣው? ትላለች። አራት ዓመት ሙሉ እንዲህ ስታስብ ኖራለች። እኛ ደግሞ ሕፃን ናት፣ ትፈራለች ብለን አያታችን ሲሞት ከለቅሶው አርቀናት ነበር፤ ከዚያ በኋላ የነገራት ሰው የለም። መንገሪያውስ ማን ነበረው?

ያለችውን ሁሉ ለአባቴ ተረጎምኩለት። እሱም ወደ እኔ ጠጋ አለና «‹ታሞ ነው የሞተው› እንዴት ይባላል?» አለኝ።

አሳየሁት። በዚያ እርፍ ባሻከረው እጁ ሁለት ጊዜ ተሳሳተ፤ በሦስተኛው ገባት። ከዚያ እጇን ይዞ ወደ ቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር ወሰዳትና መቃብሩን አሳያት። እህቴ ድንጋዩ አጠገብ ቁጭ ብላ አለቀሰች። ስንመለስ ግን ቀለል ብሏት ነበር፤ ማታ እራት ላይ ለእናቴ ስለ ትምህርት ቤቷ ስታወራላት፣ እኔ እየተረጎምኩ ልደርስባት አልቻልኩም።

አሁን እህቴ ስምንተኛ ክፍል ናት፤ ሒሳብ ትወዳለች፣ እንግሊዝኛ ያታክታታል። የምትማርበት ክፍል አሁንም ጠባብ ነው፤ መጻሕፍቱም ለሁሉም አይዳረሱም። ባለፈው መስከረም አባቴ ከታችኛው መንደር የማትሰማ ሴት ልጅ ያለችውን ጎረቤት ይዞ፣ እኔን እንኳ ሳይጠራ፣ ወረዳ ድረስ ሄዶ ነበር። «የድጋፉ በጀት ሳያልቅ ቀድመን ደረስን» ብሎ ደወለልኝ።