ጅቡ ሄዷል፣ ውሻው ይጮኻል

ላቦራቶሪ በገባሁበት በመጀመሪያው ቀን የሳቀችብኝ ፍሬሕይወት ናት። ሁለታችንም ከኮሌጅ ወጥተን ጎንደር ከተማ፣ አንድ ሆስፒታል ውስጥ፣ በአንድ ጠዋት ሥራ ጀመርን። የክፍሉ ኃላፊ ጋሽ አድማሱ አንድ ቱቦ ደም ሰጡንና «ሄፓታይተስ ሲ ሥሩለት» አሉን።

ደሙን በሴንትሪፊውጅ አሽከረከርነው። ቀዩ ከታች ሲረጋ ከላይ የቀረውን ቢጫ ሴረም ቀድተን፣ ካሴት የምንላት ትንሽ የፕላስቲክ መመርመሪያ ላይ አንጠባጠብን። ጥቂት ቆይቶ ሲ ከምትለው የላቲን ፊደል ጎን አንድ ቀይ መስመር ወጣ።

«ሲ አለበት» አልኩ፣ ቀድሜ ለመናገር ቸኩዬ።

ፍሬሕይወት ሳቀች። «ሲዋ እኮ የኮንትሮል ናት። መመርመሪያዋ መሥራቷን ነው የምትነግርሽ። ፖዘቲቭ ቢሆን ከጎኗ ሁለተኛ መስመር ይወጣ ነበር።»

ጋሽ አድማሱ «ጎበዝ» አሏት። ያቺን «ጎበዝ» ቀኑን ሙሉ ሳመነዥካት ዋልኩ።

ከዚያ ወዲህ ዓመታት አብረን ሠርተናል። እኔ ደም መቅዳት ይቀናኛል። የደም ሥሩ የጠፋበት በሽተኛ ሲመጣ ሁሉም እኔን ይጠራል። ጋሽ አድማሱም «አንቺ እኮ እጅሽ ይቀናዋል» ይሉኛል። እጄስ ይቅናው፤ እኔ የምቀናው በሌላ ነበር።

ራሱን ቫይረሱን የሚፈልግ ማሽን ሲመጣ፣ አንድ ሰው አዲስ አበባ ሄዶ እንዲሠለጥን ተባለ። ጋሽ አድማሱ ዘንድ ገብቼ ጠየቅሁ።

«አንቺ ከሄድሽ ማን ይቀዳልኛል?» አሉኝ። «ፍሬሕይወት ትሂድ።»

ሙገሳ ይምሰል እንጂ አንጀቴን ነው ያሳረረኝ። ፍሬሕይወት ሠልጥና ስትመለስ የማሽኑን ክፍል ቁልፍ አንገቷ ላይ አንጠልጥላ መዞር ጀመረች። ቀናሁ። ሌላ ስም ላወጣለት አልችልም። በቁልፉ ቀናሁ፣ በተተኮሰው ጋውኗ ቀናሁ፣ ሐኪሞቹ ስሟን እየጠሩ ሲገቡ ቀናሁ።

አያ ሞላና ባለቤታቸው እትዬ እናትነሽ ከአምባ ጊዮርጊስ የመጡት በዚያው ሰሞን ነው። አያ ሞላ የእንቅርት ቀዶ ሕክምና ሊደረግላቸው ነበር። ከቀዶ ሕክምናው በፊት ደማቸው ሲመረመር ሁለተኛዋ መስመር ወጣች። ሐኪሙ «ስለ ምርመራው አስረጃቸው» ብሎ ወደ እኔ ላካቸው። ለብቻዎ ልንገርዎት ወይ ብላቸው፣ «ከእሷ የምደብቀው የለኝም» አሉ።

እኔም እንደ ተማርኩት ጀመርኩ። «ደምዎ ውስጥ ለጉበት ቫይረስ የሚሠራ ፀረ እንግዳ አካል ተገኝቷል። ይኼ ማለት፣ አንድ ጊዜ እንግዳ ነገር ሰውነትዎ ገብቶ ነበር ማለት ነው።»

እትዬ እናትነሽ ነጠላቸውን ከጆሯቸው ላይ ገለጥ አደረጉ። «የምን እንግዳ?»

«ማለቴ፣ ቫይረሱን ነው...»

«እንግዳይቱንስ አውቃታለሁ። የዛሪማዋ ናት።»

አያ ሞላ ከብት ይነግዳሉ፤ ዛሪማ ገበያ ሲወርዱ እዚያው ያድራሉ። «ምነው አንቺ፣ በልጅቱ ፊት?» አሉ።

«እኔ ምን አልኩ? ደምህ ነው የተናገረ። አዘዞ እኅቴ ዘንድ እሄዳለሁ። ከዚያ በኋላ ሽማግሌ ጠርቼ ከብቱን መካፈል ነው።»

የቀልድ አልነበረም፤ ብድግ ብለው በሩን ያዙ። አያ ሞላ አንገታቸውን ደፍተው፣ «ልጄ፣ ምነው እንግዳ ባላልሽ» አሉኝ። ልጆች ያፈሩበት ትዳር በእኔ አንድ ቃል ሊፈርስ ነው ብዬ ደነገጥኩ።

ፍሬሕይወት ከሚቀጥለው ክፍል ሰምታ ኖሮ ገባች። በሩ ላይ እትዬ እናትነሽን እጃቸውን ይዛ፣ «እናቴ፣ ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ሲባል ሰምተው የለ?» አለቻቸው።

«ሰምቻለሁ።»

«ይኼ ምርመራ የሚሰማው የውሻውን ጩኸት ነው። ጅቡ አሁን በረት ውስጥ ይሁን፣ ወይ ዱሮ መጥቶ ሄዶ ይሁን፣ አያይም። አንዳንዴ ደግሞ ውሻ በባዶም ይጮኻል። ጅቡን ራሱን የሚፈልግ ሌላ ምርመራ አለ፤ እሱን እንሠራለን።»

«በየት በኩል እንደገባስ?»

«እሱን ሁለቱም አይናገሩም። ይኼ በሽታ ይበልጡን የሚሄደው በደም ነው። ሰው በተወጋበት መርፌ፣ ሰው በተበጣበት ምላጭ፣ በዋግምት...»

አያ ሞላ ቀና አሉ። «ለራስ ምታትህ ዋግምት ካላስደረግህ ብሎ አንጠልጥሎ የወሰደኝ ማን ነበር?»

«እሱማ ዱሮ ነው» አሉ እትዬ እናትነሽ።

«ዱሮውን ነው እኮ የምትልሽ።»

እትዬ እናትነሽ ከበሩ ተመልሰው ባይቀመጡም፣ ውጤቱ እስኪታወቅ ሽማግሌ ላይጠሩ ቃል ገቡ። ደሙን የቀዳሁት እኔ ነኝ። እጄ ቀናው፤ እኔም ቀናሁ። ያንን ተረት እናቴ በየሰበቡ ስትተርተው ነው ያደግሁት። እያወቅሁት፣ አፌ ላይ የመጣው እንግዳ ነው።

ውጤቱ የሚሰጥበት ቀን እትዬ እናትነሽ ከአዘዞ፣ አያ ሞላ ከአምባ ጊዮርጊስ፣ ለየብቻ መጡ። እኔ በሩ ላይ ቆሜያለሁ። እትዬ እናትነሽ በእኔ ትከሻ አሻግረው ወደ ውስጥ እያዩ፣ «ያቺ ሸጋዋ ልጅ የለችም? የጅቧ?» አሉኝ። ጠራሁላቸው።

«ጅቡ የለም። ሄዷል» አለቻቸው ፍሬሕይወት።

አያ ሞላ አማተቡ። እትዬ እናትነሽ ግን አልጨረሱም። «ውሻውስ?»

«ውሻው ዝም አይልም፣ እናቴ። ሌላ ጊዜ በዚያችው በመጀመሪያዋ ምርመራ ቢያዩት፣ አለ ነው የምትለው። ጅቡ ግን የለም።»

እትዬ እናትነሽ «የኔም ውሻ እንደዚያው ነው» አሉና ወደ ባላቸው ዞሩ። «በል ተነሥ፣ አብረን እንገባለን። ዛሪማ ግን ከእንግዲህ ብቻህን አትወርድም።»

አያ ሞላ ያለ ክርክር ተከተሏቸው።

ፍሬሕይወት ዛሬም የማሽኑ ክፍል ውስጥ ናት፤ ቁልፉም አንገቷ ላይ ነው፤ እኔም ዛሬም እቀናለሁ። አዲስ ገቢዎችን ሳስተምር በጅቡና በውሻው ነው የማስረዳው። ተረቱን ማን እንዳመጣው አልነግራቸውም፤ የእናቴ ተረት ነው።

ሌላውን ግን ሳልደብቅ እነግራቸዋለሁ። ሁለተኛዋ መስመር ከወጣች፣ ቫይረሱ ሳይገባ አልቀረም። አሁን መኖር አለመኖሩን የሚናገረው ማሽኑ ነው። በየት እንደገባ የሚናገር ምርመራ የለንም።