ጎማ ያለው ቀፎ

ባለፈው እሑድ ከቅዳሴ ተመልሼ፣ ድሬዳዋ በተከራየኋት ጠባብ ክፍል ለጸሎት ጧፍ ለኩሼ እንደቆምኩ፣ የሰሙ ሽታ ገና አፍንጫዬ ሲደርስ ስልኬ ጮኸ። በጸሎት ሰዓት ስልክ አላነሳም፤ ሦስት ጊዜ ሲደጋግም ግን ክፉ ነገር ደርሶ እንዳይሆን ፈርቼ አማትቤ አነሳሁት። ታላቅ ወንድሜ ምትኩ ነበር፣ ከቦንጋ።

«ሽማግሌዎቹ ተመለሱ» አለኝ፣ እግዜር ይመስገን እንኳን ሳያስብለኝ።

«እምቢ አሉ?»

«እምቢስ አላሉም። ጋሽ አሰፋ ‹ልጁ ሥራ አለው፣ ጠባዩንም ያመሰግኑታል፤ ግን መጀመሪያ የንቡ ነገር ይጣራ› አሉ።»

ጧፌን እንደያዝኩ አልጋው ጠርዝ ላይ ቁጭ አልኩ። ጋሽ አሰፋ ምትኩ ሊያገባት የሚፈልጋት የሰላማዊት አባት ናቸው፤ ልጆች ሳለን ደግሞ የፊዚክስ አስተማሪያችን ነበሩ። የንቡ ነገር ሲሉ ምን ማለታቸው እንደሆነ ከእኔ የበለጠ የሚያውቅ የለም።

ነገሩ የጀመረው በክረምት ነው። በቦንጋ ክረምት ዝናቡ ከጠዋት ጀምሮ የቆርቆሮ ጣሪያችንን ሲቀጠቅጥ ይውል ስለነበር፣ ባጃጅ ጠጋኙ አባታችን ከጓሮ ባለው ዳስ ሥር ሞተር ሲፈታና ሲገጥም፣ እኔና ምትኩ ካቻቢቴ እያቀበልን እንውል ነበር። አንድ ቀን ምትኩ በአንድ ደንበኛ ስልክ ላይ ሁለት ባለጎማ ማሽኖች ሲዋጉ አይቶ መጣና፣ ምሳ ላይ ጉርሻውን ሳይውጥ «እኛም እንሠራለን» አለ። እሱ ዘጠነኛ፣ እኔ ሰባተኛ ክፍል ልንገባ ነበር። እናቴ «መጀመሪያ ዋጥ፣ ከዚያ ትዋጋለህ» አለችው። ትምህርት ሲከፈት ግን የሳይንስ ክበቡ በሚያዝያ የሮቦት ግጥሚያ እንደሚያደርግ አስታወቀ። በኖራ ከተሰመረው ክብ ቀድሞ የወጣ ይሸነፋል፣ ያሸነፈ ሙሉ የመሣሪያ ሳጥን ይወስዳል። የአባቴን ካቻቢቴ በነካ ቁጥር «የት አደረስከው?» እየተባለ ላደገው ምትኩ፣ የራሱ ሳጥን ማለት ሌላ ዓለም ነበር።

ዝናቡ አባርቶ መንገዱ ሲደርቅ ዕቃ መልቀም ጀመርን። ከተገጨ ሚኒባስ ሁለት የዝናብ መጥረጊያ ሞተሮች፣ ከቆመ ሞተር ሳይክል ባትሪ፣ ከጎረቤት እጀታው የተሰበረ አካፋ አገኘን። ጎማዎቹን ከጣውላ ክብ አድርገን ቆርጠን በአሮጌ በረባሶ ለበጥናቸው። ምትኩ ከፊት የሚሽከረከር ስለት ሊገጥም ፈለገ፤ እኔ አይሆንም አልኩ።

«ሮቦት እኮ ደም የለውም» አለኝ።

«አጠገቡ የሚቆሙት አላቸው።»

ተከራክረን ተከራክረን፣ የአካፋውን ምላስ መሬት ለመሬት እየተሳበ ጠላትን ከሥር እንዲያነሳና እንዲገለብጥ አድርገን ገጠምነው። ችግሩ አካሉ ነበር። መጀመሪያ በላሜራ ሠራነው፤ ከክብደቱ የተነሳ ሞተሮቹ አቃስተው ቀሩ። ቀጥለን በጀሪካን ሠራነው፤ እናቴ ግቢ ስትጠርግ በመጥረጊያዋ ጫፍ ነካ አድርጋ ጣለችውና «ይሄ ነው የሚዋጋው?» አለች። ምትኩ ያን ቀን እራቱን አልበላም።

ቀፎውን ያሰብኩት እኔ ነኝ። አባቴ የጥገናው ሥራ ሲቀዘቅዝ ከቀርከሃና ከሐረግ ቀፎ እየጎነጎነ፣ ንብ አበባውን የሚወደው የገተማ ዛፍ ሊያብብ ሲል ጫካ ወስዶ ዛፍ ላይ ይሰቅል ነበር። ቀፎ ቀላል ነው፣ ጠንካራ ነው፣ ክብ ስለሆነ የገፋው ነገር ሁሉ ያንሸራትተዋል። ሞተሮቹንና ባትሪውን ከሥሩ አሰርናቸው፤ ሽቦውን በናስትሮ ጠቅልለን፣ ረዘም አድርገን፣ ጫፉ ላይ ሁለት ማብሪያ ማጥፊያ ገጠምን። አባቴ «ስትጨርሱ መልሱልኝ፣ እሰቅለዋለሁ» ብሎ ፈቀደልን። ግቢ ውስጥ ስንሞክረው ሮቦታችን ሄደም፣ ተመለሰም፤ ሁለት ዶሮዎች ግቢ ለቀው ተሰደዱ።

ዐቢይ ጾም ሲገባ ሕሊናዬ ይወቅሰኝ ጀመር። ሰው ከጠብ በሚታቀብበት ወራት መዋጊያ መሥራት ኃጢአት እንዳይሆን ሰግቼ የንስሐ አባታችንን ጠየቅኳቸው።

«ነፍስ አለው?» አሉኝ።

«የለውም አባ።»

«ማነው የሚያንቀሳቅሰው?»

«ወንድሜ።»

«እንግዲያው ማሽኑን ተይውና ለወንድምሽ ጸልዪለት።»

ጸለይኩለት። ለራሴ መጸለይ እንደነበረብኝ ያወቅኩት ከፋሲካ በኋላ ነው።

የግጥሚያው ቀን ጠዋት ምትኩ ናስትሮ ሊገዛ ሲወጣ ብቻዬን ቀረሁ። አባቴ አንድ ሕግ ነበረው፤ ቀፎ ሳይታጠን ከቤት አይወጣም። በሚሸት ቅጠል ጭስ አጥኖ፣ ውስጡን ሰም ቀብቶ ነበር የሚያወጣው፤ አለዚያ ንብ ዞር ብሎም አያየውም። እኔ ደግሞ ሕግ የሚባል ነገር ሳይፈጸም ከቀረ እንቅልፍ የማይወስደኝ ልጅ ነበርኩ። ይሄኛው የሚሄደው ንብ ሊጠራ ሳይሆን ሊዋጋ መሆኑ ትዝ አላለኝም፤ ቀፎ ነው፣ ከቤት ይወጣል፣ አለቀ። ፍም አወጣሁ፣ ቅጠል ጨመርኩ፣ አባቴ እንደሚያደርገው እያዟዟርኩ አጠንኩት፤ ሰሙንም አልሰሰትኩም። ጎረቤታችን እትዬ ወርቄ በአጥር ላይ አንገታቸውን አስግገው «አንቺ ልጅ፣ እንዲህ የምታጥኚው ለሠርግ ነው?» አሉኝ። «አይ እትዬ፣ ለትምህርት ቤት ነው» አልኳቸው።

በትምህርት ቤቱ ሮቦቶቹ ከቤተ መጻሕፍቱ ጀርባ ዛፍ ሥር ተደርድረው፣ እኛ ከፊት ለፊት ንግግር ስናዳምጥ ረፋዱ አለፈ። የክብር እንግዳው ስለ ቴክኖሎጂ ተናገሩ፣ ቆም አሉ፣ አጨበጨብን፣ እንደገና ስለ ቴክኖሎጂ ተናገሩ። ገተማው አብቦ ከተማው ሁሉ ንብ ንብ የሚልበት ሰሞን ስለነበር፣ እዚህም እዚያም የምትዞረዋን ንብ ልብ ያላት የለም።

ተራችን ሲደርስ ምትኩ ቀፎውን አቅፎ እየተንገዳገደ መጣ። «ከበደኝ፤ ቁርስ ስላልበላሁ ይሆናል» አለ። ወዲያው ጆሮውን አስጠጋና «ማጥፊያውን ረሳሽው እንዴ? ሞተሩ እየሠራ ነው» አለኝ።

«አጥፍቼዋለሁ።»

«እንዴት ደስ የሚል ድምፅ አለው!»

ተጋጣሚያችን የባለሱቁ ልጅ ሙጂብ ነበር፤ ከብስኩት ቆርቆሮ የሠራውን፣ በሪሞት የሚነዳውን ሮቦት ይዞ «ምትኩ፣ ማር ልትሸጥልን ነው?» እያለ ያስቅ ነበር። ዳኛው ጋሽ አሰፋ ፊሽካ ነፉ። ቆርቆሮው ተንደርድሮ ቀፎውን በጎኑ መታው። ድምፁ ለአፍታ ቆመ። ጋሽ አሰፋ ምን እንደተሰበረ ሊያዩ ጎንበስ አሉ፤ መነጽራቸውንም አስተካከሉ።

ከዚያ ንቡ ወጣ።

የክብር እንግዳው ጠረጴዛ ሥር ገቡ። ሙጂብ ሪሞቱን እንደጨበጠ ቦይ ውስጥ ዘለለ፤ ጣቱ ቁልፉ ላይ ስለቀረ ቆርቆሮው ብቻውን ሲዞር ሲዞር ከክቡ ወጥቶ ሄደ። እንደ ሕጉ ከሆነ አሸንፈናል። ይህን የሚያውጅ ዳኛ ግን አልነበረም፤ ጋሽ አሰፋ የታችኛው ከንፈራቸው እንደ ዳቦ አብጦ፣ ጣታቸውን በምትኩ ላይ ቀስረው «አንተ! ንብ ደብቀህ! በዳኛ ላይ!» እያሉ ነበር።

አመሻሹ ላይ አባቴ ጭስ ይዞ መጣና ንቡን አረጋጋ፤ ቀፎውን አሸተት አደረገና «ይሄ ታጥኗል» አለ። ሁለታችንንም አየን። እኔ በማግስቱ በሰንበት ትምህርት ቤት ለመጀመሪያ ጊዜ መዝሙር ልመራ ነበር። ምትኩ ፊቴን አየና «እኔ ነኝ ያጠንኩት» አለ። አባቴ «እንግዲያው ጥሩ አጥነኸዋል» ብሎ ሳቁን ዋጠ። ጋሽ አሰፋ ግን አልሳቁም። ሳጥኑ ለሙጂብ ተሰጠ፤ ወንድሜ እስከ ዐሥራ ሁለተኛ ክፍል «ንቦ» ተባለ። እኔ ለንስሐ አባቴ ተናዘዝኩ፤ «ስገጂ፣ ለመምህርሽም ንገሪ» አሉኝ። ሰገድኩ። መንገሩን ግን ከሳምንት ሳምንት እያሳደርኩ ድሬዳዋ ደረስኩ።

ባለፈው እሑድ፣ ጧፉ ሳያልቅ፣ ለጋሽ አሰፋ ደወልኩላቸው። ሁሉንም ነገርኳቸው፤ ሰምተው ሲጨርሱ «ልጄ፣ ለወንድሟ የማትመሰክር እህት የት አለች? ሌላ ምስክር አምጪ» አሉኝ። እውነታቸውን ነው። ያኔ አንድ ቃል ብተነፍስ ይበቃ ነበር፤ ዛሬ ይሄን ሁሉ ጽፌም አልበቃኝም። እዚህ ልጆች ሮቦት የሚሠሩት ተዘጋጅቶ በሳጥን ከመጣ ዕቃ ነው፤ ንጹሕ ነው፣ ምንም አይሸትም፣ ማንንም ከማንም አያጣላም። እኔም የምቀምሰው ማር ከሱቅ ነው፤ ጣፋጭ ነው፣ ከዚያ በላይ ግን ምንም አይነግረኝም።

ስለዚህ በዚያ ቀን የነበራችሁ ሁሉ፣ እለምናችኋለሁ። እትዬ ወርቄ፣ በአጥር ላይ ያሉኝን ያስታውሱ፤ ስታጥን ያየኋት እሷን ነው ይበሉልኝ። ሙጂብ፣ አንተም በቦይ ውስጥ ሆነህ «ቁልፉን አልለቀቅኩም» ስትል ሰምቼሃለሁ፤ ማን እንዳሸነፈ መስክር። ሽማግሌዎቹ ከሁለት ሳምንት በኋላ ይመለሳሉ፤ አብራችሁ ሂዱልኝ። ጋሽ አሰፋ እንዳለፈው ጊዜ ከትምህርት ቤቱ ጋር በሚዋሰነው ጓሯቸው ዛፍ ሥር አስቀምጠው ማር በዳቦ ያቀርቡላችኋል። እባካችሁ ከመብላታችሁ በፊት ቀና በሉ። አባቴ ያን ዕለት «የገባ ንብ በመጣበት ቀን አይባረርም፣ ለጊዜው እዚሁ ይቆይ» ብሎ እዚያው ዛፍ ላይ የሰቀለው ቀፎ እስከ ዛሬ አልወረደም፤ የበረባሶ ጎማዎቹም አልወለቁም። ለጋሽ አሰፋም በትሕትና እንዲህ በሉልኝ፦ ንቦቹን ማንም አልለቀቀብዎትም፤ በወጉ አጥና የጠራችልዎት የምትኩ እህት ናት፤ ማሩንም ይሄን ሁሉ ዓመት ሲበሉት ኖረዋል።