ብልቃጡ እስኪሞቅ

በላቦራቶሪው ውስጥ በስሟ የሚጠራት የለም፤ ሁሉም «እትዬ ቆይታ» ይላታል። ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ ከማቀዝቀዣ የወጣ ብልቃጥ ግማሽ ሰዓት ሳታቆይ ከፍታ አታውቅም። የከተማ አውቶቡስ ሹፌር የሆነው ባሏ እራት ላይ ይተርባታል፦ መጠበቅ ሙያ ከሆነማ ፌርማታ ላይ የተኮለኮለው ሁሉ ምሁር ነው። እሷም አትሸነፍለትም፤ ያንተን አውቶቡስ የሚጠብቅስ ምሁር ሳይሆን ጻድቅ ነው ትለዋለች።

ከብልቃጦቹ ሁሉ የምትሳሳለት አንድ ነጭ ዱቄት ለያዘው ነው። የዱቄቱ ሥራ ሴል ውስጥ ገብቶ ካልሲየምን ጭብጥ አድርጎ መያዝ ነው። ካልሲየም የሴል ደወል ነው፤ ሲደወል ሴሉ ይነቃል፣ ይንቀሳቀሳል። ደወሉ ሲታፈን ደግሞ የትኛው ሥራ ያለ እሱ እንደማይሆን ይታወቃል። ግን የሴል ሽፋን ቅባት ነው፤ እንግዳ አያሳልፍም። ስለዚህ ዱቄቱ ቅባት የሚወድ ካባ ደርቦ ይሄዳል። ከገባ በኋላ ሴሉ ራሱ ካባውን ይገፈዋል፤ እንግዳውም መውጫ አጥቶ እዚያው ይቀራል። የካባው ጠላት ውኃ ነው። ብልቃጡ እንደቀዘቀዘ ከተከፈተ የክፍሉ እርጥበት ጤዛ ሆኖ ይገባበታል፤ ካባው ገና ከደጅ ይወልቃል፤ ያለ ካባ ደግሞ ሴል ውስጥ አይገባም። ዱቄቱ ለዓይን ያው ነው፤ ነጭ፣ ንጹሕ፣ ምስኪን።

ብልቃጧ እስኪሞቅላት እጆቿን አጣምራ ታንጎራጉራለች፦

ቸኩሎ ላንኳኳ በሩ መች ተከፍቶ፣
ቀስ ብሎ የመጣ እልፍኝ ዋለ ገብቶ።

አንድ ሰኞ፣ ዶክትሬቱን የሚሠራውና «ነፋሱ» የሚባለው ወጣት ክፍሉን በደስታ ሞላው። በሳህን ላይ ያደጉ የቆዳ ሴሎችን በመርፌ ጭሮ፣ ዱቄቱን ጨምሮ፣ ቁስሉ እንደወትሮው ሲገጥም አይቷል። እንግዲህ ቁስል ለመግጠም ካልሲየም አያስፈልግም ማለት ነው። የሦስት ዓመት ልፋቱ የቆመው በዚህች ዓረፍተ ነገር ላይ ነው፤ ጽሑፉም ሐሙስ ለሳይንስ መጽሔት ይላካል። ሁሉም እንኳን ደስ ያለህ አለው፤ እሷም አለችው። ኋላ ግን መዝገቡን ስትገለብጥ ዓይኗ አንድ መስመር ላይ ቀረ። ብልቃጡ የወጣው ሦስት ሰዓት ከአሥር፣ የተከፈተው ሦስት ሰዓት ከአሥራ ሁለት።

የቆየው ሁለት ደቂቃ ብቻ ነው። ብትናገር የልጁን ደስታ መንጠቋ ነው፤ ዝም ብትል ደግሞ ውሸት በስሙ አገር ላገር ሊዞር ነው። መዝገቡን ወስዳ ለነፋሱ አሳየችው፤ ሙከራው ይደገም አለችው።

ፊቱ ጠቆረ። አንድ ያልተከፈተ ብልቃጥ ብቻ ቀርቷል፤ ሌላው የሚመጣው ከሁለት ወር በኋላ ነው። ይህም በከንቱ ቢያልቅ ምን ይዘው ሊቀሩ ነው? ደግሞስ፣ አለ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ ዲግሪ የሌለው ሰው መዝገብ ያነባል እንጂ ውጤት አይሽርም። ወዲያው ግን ከንፈሩን ነከሰ።

ቃሉ ገብቷታል፤ አመማት። ግን ቀና ብላ አየችው።

«ዲግሪ የለኝም፣ ወንድሜ። እጄ ግን አለ። ካልሆነ ጥፋቱ የእኔ ነው ብዬ ራሴ ለአለቃችን ለፕሮፌሰሯ እናገራለሁ።»

የመጨረሻውን ብልቃጥ አውጥታ እንደታሸገ ጠረጴዛ ላይ አኖረችው። ነፋሱ ተነሣ፣ ተቀመጠ፣ ሰዓቱን አየ፣ እንደገና አየ፤ እሷ ንቅንቅ አላለችም። ግማሽ ሰዓቱ ሲሞላ ብልቃጡን በጣቷ ነካችው፤ ቅዝቃዜው ለቋል። ከፈተች። ሦስት የሴል ሳህን አዘጋጀች፦ አንዱ ዱቄቱ የሚሟሟበት ማሟሚያ ፈሳሽ ብቻ፣ አንዱ ነፋሱ የከፈተው አሮጌው ዱቄት፣ አንዱ አዲሱ። ሦስቱንም እኩል ጫረቻቸው።

በማግስቱ ጠዋት ማይክሮስኮፑ ላይ መጀመሪያ ያጎነበሰው እሱ ነው። ማሟሚያ ብቻ ያለበት ገጥሟል። አሮጌው ዱቄት ያለበትም ገጥሟል። አዲሱ ዱቄት ያለበት ግን ቁስሉ እንዳፈጠጠ፣ ትናንት እንደተጫረ አለ።

«ዱቄቱ ገድሏቸው ቢሆንስ?» አለ፤ ድምፁ ግን ለመከራከር አቅም አልነበረውም።

ይህን እንደሚል ታውቅ ነበር። የሞተ ሴልን ብቻ የሚነክር ሰማያዊ ቀለም ጠብ አደረገችበት። ሴሎቹ ቀለሙን አልጠጡም፤ በሕይወት አሉ። ደወላቸው ስለታፈነ ብቻ ካሉበት አልተነሡም። ስለዚህ ለቁስል ካልሲየም ያስፈልጋል፤ ያውም እጅግ።

ነፋሱ ከማይክሮስኮፑ ተነሣ። ከዚያ ማንም ሳያዘው ወደ ፕሮፌሰሯ ቢሮ ሄዶ በሩ ላይ ቆመ፤ ተሳስቼ ነበር፣ ያረሙኝ እትዬ ናቸው አለ። እትዬ ቆይታም ኮሪደር ላይ ሆና ሰማችው። የትናንቱ ቃል ከደረቷ ላይ እንደ ተራገፈ አቧራ ወረደ።

ፕሮፌሰሯ መጥታ ሦስቱንም ሳህን ተራ በተራ አየች። ረጅም ጊዜ አየች። ቀና ስትል ክፍሉ በተመራማሪ ተሞልቷል። የራሷን ወንበር ስባ አቀረበች።

«ይቀመጡ፣ እትዬ» አለቻት። «ስንቶቻችን እንዲህ ሳናቆይ እንደከፈትን እግዜር ነው የሚያውቀው። ከመጀመሪያው ጀምረው ያስተምሩን።»

እትዬ ቆይታ ነጭ ገዋኗን አስተካክላ ተቀመጠች። ዶክተሮቹ ደብተር አውጥተው ቆመዋል። ሃያ ሁለት ዓመት በቆመችበት ክፍል እሷ ተቀምጣ እነሱ ሲቆሙ ይህ የመጀመሪያው ነው። ጉሮሮዋን ጠረገች።

«በመጀመሪያ» አለች፣ «ሁላችሁም እጃችሁን ከብልቃጡ ላይ አንሡ።»