ምራቷ የጻፈችው ኑዛዜ

እናቴ ኑዛዜዋን ያስጻፈችው የታናሽ ወንድሜን ሚስት መሆኑን የሰማሁት፣ ለሥራ ከሄድኩበት ከቴፒ ተመልሼ አማን ከተማ ያለው ቤቷ ስገባ ነው። ጋዜጠኛ ከሆንኩ አሥራ አንድ ዓመት አልፎኝ ነበር። ምራቷ አፏን የፈታችው በቤንችኛ ነው፤ የአማርኛ ፊደል የቆጠረችውም ከዚያ በፊት በነበረው ዓመት በመሠረተ ትምህርት ነው። ይህን የምዘረዝረው ያን ቀን በልቤ የዘረዘርኩት ይህንኑ ስለሆነ ነው።

ኑዛዜው ከደብተር የተገነጠለ ሁለት ገጽ ነበር። ፊደሎቹ እንደ ቡና ችግኝ ተራርቀው ቆመዋል። እናቴ አጣጥፋ ትራሷ ሥር ከተተችው።

"ልየው?"

"ስሞት ታየዋለህ።"

ምራቷ ደጅ ቡና እየለቀመች ሳቀች። "ጋሼ፣ እርስዎማ የሚጽፉት ለአገር ሁሉ ነው። እኔ ለአንዲት አሮጊት ብጽፍ ምን አለበት?"

"ማን ናት አሮጊት?" አለች እናቴ ከአልጋዋ።

ሁለቱ ተሳሳቁ። እኔ ሬሳ አይቼ ዜናዬን ጽፌ ምሳዬን የምበላ ሰው ነኝ፤ ያን ቀን ግን ምሳዬን ትቼ አልጋዋ አጠገብ ተቀመጥኩ።

"እማዬ፣ ለምን እሷ?" አልኳት በመጨረሻ።

ለወንድሜ ያስጻፈችኝን ደብዳቤ አስታወሰችኝ። ወንድሜ ሰሜን ግንባር ወታደር ነበር። "ቡናው ቀልቷል፤ ቅርጫትህ ባዶውን ተሰቅሏል በልልኝ" ብላኝ፣ እኔ "የዘንድሮው የቡና ምርት አጥጋቢ ነው" ብዬ ጽፌለት ነበር። እሱም ሲመልስ "ይህን የጻፈችልኝ እማዬ ናት ወይስ የገበሬ ማኅበሩ?" ብሎ ጠየቀ።

"አንተ ታስተካክላለህ" አለችኝ። "እሷ ያልኩትን ትጽፋለች። ሞቴን እንኳ እንዳፌ ተወው።"

ጥፋቴ በጽሑፍ ተይዟል።

በዓመቱ ቡናው ሲቀላ እናቴ ዐረፈች። የዕድሩ ዳኛ ከቀብር በፊት ከትራሷ ሥር የተገኘውን ወረቀት ከፍተው አንድ መስመር አነበቡና ለእኔ አቀበሉኝ። "ይህን ትልቁ ልጄ ቆሞ ያንብብ። አንድ ቃል አይጨምር" ይላል።

ቤተ ክርስቲያኑ ግቢ ቆሜ አነበብኩ። "ለቀማ ላይ ከሞትኩ ሐዘን አትቀመጡ፤ ቡናው ይረግፋል። ለወታደሩ ልጄ መርዶ በደብዳቤ አትላኩበት። ሲመጣ፣ እህል ሲቀምስ ንገሩት። ነጠላዬ ለምራቴ ነው። የተሰቀለውን ቅርጫት ለትልቁ ልጄ ስጡት። እሱ ወሬ እንጂ ቡና ለቅሞ አያውቅም።"

ለቀስተኛው እያለቀሰ ሳቀ። አንድ ቃልም አልጨመርኩም።

ስጨርስ አንዲት ጎረቤት ወደ ወንድሜ ሚስት ሄደው እጇን ሳሙት። "ራሷ የተናገረች እኮ ነው የሚመስለው! እጅሽ ይባረክ" አሏት። ሌሎችም ተከተሉ። አሥራ ሁለት ዓመት ስጽፍ እጄን የሳመ ሰው የለም።

ምራቷ ወደ እኔ መጥታ ወረቀቱን ተቀብላኝ ልታስቀምጥ እጇን ዘረጋች። አጥፌ ያዝኩት እንጂ ቶሎ አልሰጠኋትም።