የአባባ የፈረንሳይ አበባ

ጅቡቲ፣ ሆዳን ሰፈር ውስጥ ተቀጥሬ በምሠራበት ቤት የማዳም አባት አብረውን ይኖሩ ነበር። በወጣትነታቸው የባቡር ሠራተኛ ሆነው ድሬዳዋ ብዙ ዓመት ስለቆዩ አማርኛ ይችላሉ፤ እኔም አባባ እላቸዋለሁ። አንድ ጊዜ ዘመድ ከፈረንሳይ የአበባ ዘር ላከላቸው። ሙቀቱ ቀነስ ሲል ጀሪካን ለሁለት ቆርጠው አፈር ሞሉና በረንዳው ላይ ዘሩት።

ጠዋት ጠዋት ጨዋማውን የቧንቧ ውሃ ያንቆረቁሩበታል፤ ከዚያ ወንበራቸውን አስጠግተው ያፈጡበታል። ሁለት ሳምንት ሙሉ ምንም አልወጣም።

አንድ ቀን እሳቸው ሲያሸልቡ አፈሩን በጣቴ ጫር ባደርገው ዘሩ በስብሷል። አሳዘኑኝ። እውነቱን ለመናገር ግን ከሐዘኔ ተንኮሌ በለጠ። ከጓዳ ጥቂት ሽምብራ አንስቼ ከኤሲው በሚንጠባጠበው ውሃ ዘፈዘፍኩት። አብጦ ሲለሰልስ በእርጥብ ጨርቅ ጠቅልዬ ደበቅኩት። በሦስተኛው ቀን ስገልጠው እያንዳንዱ ፍሬ ነጭ ጅራት አብቅሏል። ሥሩ ነው፤ መጀመሪያ የሚወጣው እሱ ነው። ጅራቱን ወደ ታች አድርጌ ጀሪካኑ ውስጥ ቀበርኩት። ውሃ ማጠጣቱንም "ወገብዎን ያምዎታል" ብዬ ተረከብኳቸው።

በሳምንቱ አፈሩ ተሰነጠቀና አንገቱን የደፋ ቡቃያ ብቅ አለ። አባባ አበባ ወዳዷን ጎረቤታችንን ጠርተው "ከፈረንሳይ የመጣ ነው" አሏት። እኔ ጣራ ላይ ልብስ የማሰጣ መስዬ አንሶላ አፌ ውስጥ ጎስጉሼ ሳቅኩ። ትንንሽ ሐምራዊ አበባ ሲያወጣማ ሴትየዋ በየቀኑ እየመጣች ፎቶ ታነሳው ጀመር።

ማፍራቱ አልቀረም። አንድ ጠዋት አባባ አንዱን ቀንጥሰው ፈለፈሉና እያዩኝ አኘኩት።

"የፈረንሳይ አበባ ሽምብራ ሽምብራ ይላል" አሉ።

"ከመቼ ጀምሮ ነው ያወቁት?"

"ቅጠሉን ካየሁ ጀምሮ። ድሬዳዋ ጣቢያ እሸቱን ስንት ዓመት የበላሁ ሰው ነኝ እኮ።"

"ታዲያ ምነው ዝም አሉ?"

"ለጎረቤት አፌን ሞልቼ አውርቼ በየት በኩል ልመለስ? ደግሞ አንቺም ደስ ብሎሽ ነበር።"

ተክሉ ሲደርቅ ጎረቤታችን ዘር ልትለምን መጣች። አባባ ፍሬውን በመሐረብ ቋጥረው ሰጧት። ፈታ አድርጋ አየችውና፣

"ይሄ ሽምብራ ይመስላል" አለች።

"ይመስላል" አሉ አባባ ፊታቸውን ኮስተር አድርገው። "ብዙ ሰው ይሳሳታል። አንድ ሌሊት ዘፍዝፊው፤ የቧንቧ ውሃ ግን አይስማማውም፣ የኤሲ ውሃ ነው የሚጠጣው።"

እንዳሏት አደረገች፤ በቀለላት። ለእንግዶቿ የምታሳየውም የፈረንሳይኛ ስም አውጥታለት ነው።