ሁለቷን አትርሳ

ቀበሌው ጎፋ ውስጥ ከአንድ ነጋዴ የወረሰውን መጋዘን እስር ቤት አድርጎት ነበር። ሲያስገቡኝ መጀመሪያ የተቀበለኝ የላብና የእርጥብ ሲሚንቶ ሽታ ነው። የያዙኝ ከማስተምርበት ክፍል ነው፤ ጠመኔዬን እንኳ በር ላይ ፈታሹ ወሰደብኝ።

ከምርመራ በተመለስኩ በሦስተኛው ቀን፣ አጠገቤ የሚተኛው ጨርቅ ቆራጭ፣ "መምህር፣ ክፍልፋይ ያለበትን እኩልታ አስረዳኝ" አለኝ። አርባ ዓመት ያለፈው የልብስ ፋብሪካ ሠራተኛ ነው። በማታ ትምህርት ስምንተኛ ክፍል ደርሶ፣ ሚኒስትሪ ፈተና ላይ ሁለት ጊዜ የጣለው ይኸው ክፍልፋይ ነበር።

እኔ ግን ፈርቼ ነበር። ጭንቅላቴን ከመቱኝ ወዲህ ነገር ይጠፋብኛል።

"ማስተማር የምችል አይመስለኝም" አልኩት።

"ምነው፣ ቀጠሮ አለብህ?"

ሳልወድ ሳቅሁ። ከግድግዳው በረገፈ ልስን ወለሉ ላይ ጻፍኩለት፦ የኤክስ ሲሶ ሲደመር ሁለት፣ እኩል ይሆናል የኤክስ ግማሽ። "ስድስት ለሦስትም ለሁለትም ይካፈላል። ሁሉንም በስድስት ካባዛን ክፍልፋዩ ይጠፋል።" ሲሶው ሁለት ኤክስ፣ ግማሹ ሦስት ኤክስ ሆነ። መልሱ ሁለት ነው አልኩ።

ወለሉን ትኩር ብሎ አየ። "ሁለቷን ግን አላባዛሃትም። እኛ ጨርቅ ደራርበን ስንቆርጥ፣ አንዱ በደንብ ካልተዘረጋ የሱ እጅጌ ያጥራል።"

ተማሪዎቼን ስንት ጊዜ የተቆጣሁበት ስህተት! እንባዬ መጣ። "አየህ፣ አለቀልኝ።"

"ምኑ ነው ያለቀው? አንተ ባታስረዳኝ ስህተቱን በምን አየው ነበር?" ብሎ ልስኑን ከእጄ ወሰደ።

ይህን ጊዜ በሩ ተከፈተ። አብዮት ጠባቂው የቆራጩን ስም ጠርቶ "ዕቃህን ይዘህ ውጣ!" አለው። እንዲህ ተጠርቶ ቤቱ የገባ አለ፤ ያልገባም አለ።

ቆራጩ ቀና እንኳ ሳይል "አንድ ጊዜ፣ ልጨርሳት" አለ። ሁለቷን በስድስት አባዛ፣ አሥራ ሁለት። ሁለት ኤክሱን ወዲያ አሻገረ። "ኤክስ፣ አሥራ ሁለት።" ሲሶው አራት፣ ሁለት ሲደመር ስድስት፤ ግማሹም ስድስት። ጠባቂው ቁልፉን እንደያዘ ቆሞ ጠበቀው። ቆራጩ ልስኑን መለሰልኝና ወጣ።

ሁለት ሳምንት ወሬው ጠፋ። እየፈራሁም ቢሆን ለሌሎቹ እስረኞች ማስተማር ጀመርኩ። አንድ ቀን እህቴ በላከችልኝ ዳቦ ውስጥ ጠፍጣፋ ጠመኔ አገኘሁ፤ ልብስ ቆራጮች ጨርቅ ላይ የሚያሰምሩበት ዓይነት። ቤታችንን ፈልጎ አግኝቶ የሰጣት ቆራጩ ነበር፤ ተፈትቶ ኖሯል። በደስታ የምሆነውን አጣሁ። ስፈታ ደግሞ ሚኒስትሪ ማለፉን ነገረኝ።

ዛሬ ጡረታ ወጥቻለሁ፤ ጠመኔው ጥፍር አክሎ መሳቢያዬ ውስጥ አለ። የልጅ ልጄ ሙሉ ቁጥሩን ሳታባዛ ስታልፍ አልቆጣትም። ሂሳቧን ሳትጨርስ እናቷ ለምሳ ስትጠራት ግን የምመልሰው እኔ ነኝ፦ "አንድ ጊዜ፣ ትጨርሳት።"